ጠቃሚ ሶፍትዌር ከየት ይገኛል? ለአንዲት የጽሕፈት ቤት ባለቤት የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት አጠገብ አነስተኛ የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ የስካንና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ስካነርና ሁለት ሠራተኞች አሉኝ። ሌሎች ሰዎች በየጊዜው አዲስ ሶፍትዌር፣ አዲስ የድረ ገጽ መተግበሪያ አገኘን ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ የምሠራው ከ10 ዓመት በፊት በጫኑልኝ ነው። ልፈልግ ስነሣ የማገኘው ወይ ክራክ (ፈቃዱ ተሰብሮ የሚታደል ቅጂ) ነው፣ ወይ ቫይረስ ይዞ ይገባል። እናንተ ባለሙያዎቹ ጠቃሚውን ከየት ታገኙታላችሁ? ከማይረባውስ በምን ትለዩታላችሁ?

ምላሽ፦ እኅቴ፣ የድርጅቶችን ኮምፒውተር በመትከልና በመጠገን፣ ሠራተኞቻቸውንም በማሠልጠን 16 ዓመት ቆይቻለሁ። ጥያቄዎን ሳነብ ቀድሞ ትዝ ያለኝ፣ ባለፈው ዓመት አንድ ሙሉ ጠዋት ያሳለፍኩበት የእርስዎን የመሰለ ጽሕፈት ቤት ነው። መልሴንም ከዚያ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ጠቃሚ ሶፍትዌር የማግኘት ሥራ ግማሹ የሚያልቀው ኢንተርኔት ከመከፈቱ በፊት ነው።

የዚያ ቤት ባለቤትም «አዲስ ነገር አሳየኝ» ብለው ነበር የጠሩኝ። እኔ ምንም ሳልጭን ወንበር ስቤ ከጸሐፊዋ ጎን ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጡት አዛውንት ባለጉዳይ 14 ገጽ የፍርድ ግልባጭ ይዘዋል፤ ይግባኝ ሊሉ ነውና ከውሳኔው ረጃጅም አንቀጾች በአቤቱታቸው ውስጥ እንዲገቡላቸው ይፈልጋሉ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ከስክሪኑ ጎን አስደግፋ ቃል በቃል ትገለብጥ ጀመር። እርሷ በዚህ ላይ ሳለች ሌላ ሰው ገባና «ባለፈው ሚያዝያ የጻፋችሁልኝን የኪራይ ውል አንድ ቅጂ» አለ። ባለቤቷ ፎልደር ከፈቱ፣ ዘጉ፤ ፍላሽ ሰኩ፣ ነቀሉ፤ ውሉ እስኪገኝ 11 ደቂቃ ሄደ። ሦስተኛው ወጣት ነው፤ ሰነዱ ስልኩ ውስጥ ነበር። ቴሌግራሙን በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከፈተ፣ አሳተመ፣ ከፈለ፣ ወጣ። መልእክቶቹና የቤተሰቡ ፎቶዎች ስክሪኑ ላይ ተዘርግተው ቀሩ። ጸሐፊዋ ናት አይታ የዘጋችለት።

ምሳ ሰዓት ላይ ባለቤቷን «ዛሬ ምን አስቸገረዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ምንም፤ ሰላም ነው የዋልነው» አሉኝ። ሦስቱንም ነገሮች ከመልመዳቸው የተነሣ እንደ ችግር አይቆጥሯቸውም ነበር። ሦስቱም ግን ለዓመታት የቆየ፣ ገንዘብ የማይጠየቅበት መፍትሔ አላቸው። ከወረቀት ላይ ጽሑፍ የሚያነበው ቴሰራክት የተባለ ሶፍትዌር ሂውሌት ፓካርድ ውስጥ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ በ2005 ኮዱ (ሶፍትዌሩ የተጻፈበት መመሪያ) ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጎግል ድጋፉን ያዘ፤ ዛሬ አማርኛና ትግርኛ ያነባል። ዕድሜው ከብዙዎቹ የጽሕፈት ቤት ጸሐፊዎች ዕድሜ ይበልጣል። ለዚያ ቤት ግን በዚያች ቀን የተወለደ ያህል አዲስ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ ትናንት የወጣውን ሶፍትዌር አያሳድዱ። አንድ ደብተር ገዝተው ጠረጴዛው ላይ ያኑሩና ለአንድ ሳምንት እርስዎም ሠራተኞችዎም ሁለት ጊዜ የተሠራን ሥራ፣ የተፈለገን ፋይል፣ ባለጉዳይ ቆሞ የጠበቀበትን ምክንያት ሁሉ በአንድ መስመር ይጻፉበት። «የመታወቂያ ስካን መጠኑ ትልቅ ሆኖ በኢሜይል አልሄድ አለ» የሚል አንድ መስመር «ምርጥ 50 ሶፍትዌሮች» ከሚል ገጽ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ገጽ ከሚያዘጋጁት አብዛኞቹ ገንዘብ የሚያገኙት እርስዎ በሚጫኑት እያንዳንዱ ማስፈንጠሪያ ነው፤ የእርስዎን ሥራ አያውቁትም።

ደብተሩ ላይ ያለውን መስመር ወደ መፈለጊያ ቃል መቀየር ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በአማርኛ ቢፈልጉ ውጤቱ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ዋናውን ግሥና ዕቃውን በእንግሊዝኛ ይጻፉ፤ «ስካን ማድረግ» (scan)፣ «ፒዲኤፍ ማጣመር» (merge PDF)፣ «ፋይል በስም መፈለግ» (search files by name)። ከኋላቸው ሁለት ቃላት ይጨምሩ፤ «ኦፕን ሶርስ» (open source) እና «ኦፍላይን» (offline)። የመጀመሪያው ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነውን (በእኛ «ክፍት ምንጭ» የምንለውን)፣ ሁለተኛው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ያመጣልዎታል። እነዚህ ሁለት ቃላት የማስታወቂያውን ጫጫታ በግማሽ ይቀንሱታል።

የሁለተኛውን ቃል ዋጋ የተማርኩት በ2012 ዓ.ም. ክረምት ነው። ኢንተርኔት ለሳምንታት በጠፋ ጊዜ የብዙ ደንበኞቼ ሥራ ቆመ፤ ሥራቸው የቀጠለው ሁሉ ነገራቸው በገዛ ኮምፒውተራቸው ላይ የነበሩት ብቻ ናቸው። ኪዊክስ የተባለውን፣ ዊኪፒዲያን አውርዶ ያለ መስመር የሚያስነብበውን ሶፍትዌር ያን ጊዜ ነው ለአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በፍላሽ አድርጌ የወሰድኩት። ከዚያ ወዲህ ምንም ዓይነት ሶፍትዌር ስመርጥ አስቀድሜ የምጠይቀው መስመር ሲቋረጥ ምን ይሆናል ብዬ ነው።

አሁን ወደ ቦታዎቹ ልሂድ። አንድ የምታውቁት፣ ነገር ግን የሚከፈልበት ሶፍትዌር ካለ «አልተርኔቲቭ ቱ» የተባለውን ድረ ገጽ ይክፈቱ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ያለ ነው። የሚያውቁትን ስም ሲጽፉ ምትክ ሊሆኑ የሚችሉትን ይደረድርልዎታል፤ ከጎኑ ነፃ የሆነውን፣ ክፍት ምንጭ የሆነውን፣ በዊንዶውስ የሚሠራውን ብቻ እንዲያሳይ ማዘዝ ይቻላል። ለእርስዎ ዓይነት ሥራ ከሁሉም አብልጬ የምመክረው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ከሚያውቁት ተነሥቶ ወደማያውቁት ይወስድዎታል።

«ፕሮዳክት ሀንት» የሚባለው፣ ራያን ሁቨር እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው፣ በየቀኑ አዲስ የወጣውን በሕዝብ ድምፅ ደረጃ ያወጣል። ደስ የሚል ቦታ ነው፤ ነገር ግን ድምፁ የሚሰጠው በወጣበት ቀን ስለሆነ የሚለካው ጉጉትን ነው። በዚያ ቀን አንደኛ የወጣው ሁሉ ዓመት አይዘልቅም። እኔ እዚያ ያየሁትን ስም እጽፋለሁ፤ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሼ በሕይወት መኖሩን አያለሁ። እንግሊዝኛ በደንብ የሚያነብ ወንድም ወይም ልጅ ካለዎት ደግሞ ሀከር ኒውስ የሚባለውን ያሳዩት። ሠሪዎቹ ራሳቸው ሥራቸውን ይዘው ይቀርባሉ፤ ሌሎች ባለሙያዎች ከሥሩ ያለ ርኅራኄ ይተቹታል፤ የእኔ ዓይን የሚሄደው ወደ ትችቱ ነው።

ያገኙትን ለመመርመር ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ግን ጊትሃብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተ፣ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች ኮድ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ኮድ ማንበብ አይጠበቅብዎትም። ሦስት ነገሮችን ብቻ ይመልከቱ። አንደኛው የመጨረሻው እትም መቼ ወጣ የሚለው ነው፤ ሦስት ዓመት ዝም ያለ ሶፍትዌር ነገ ዊንዶውስ ሲታደስ የሚጠግነው ላያገኝ ይችላል። ሁለተኛው «ኢሹስ» የሚለው ክፍል፣ ማለትም ተጠቃሚዎች ስሞታቸውን የሚጽፉበት ነው። ስሞታ መብዛቱ አያስፈራዎት፤ ሰው የሚያማርረው በሚጠቀምበት ነገር ነው። የሚያስፈራው ስሞታው መልስ አጥቶ ሲቀር ነው። ሦስተኛውን የምነግርዎት እንደ ሙያ ምሥጢሬ ቆጥሬ ነው፤ በስሞታው መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል «አማሪክ» (Amharic)፣ ቀጥሎም «ኢትዮፒክ» (Ethiopic) ብለው ይጻፉ። የአንድ አገራችን ሰው ስሞታ ከወጣ፣ ፊደላችን የት ላይ እንደሚሰናከል እርስዎ ሳይደክሙ ያውቃሉ። ሰዎች ለሶፍትዌሩ በሚሰጡት የኮከብ ብዛት ላይ ግን ብዙ አይመኩ፤ ኮከብ በገንዘብ ይገዛል።

ከዚያ ማውረድ ይመጣል፤ ቫይረሱም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እኔ የምከተለው አንድ ደንብ አለኝ፦ ስሙን ከፈለጉበት ይስሙ፣ ፋይሉን ግን ከባለቤቱ ብቻ ይውሰዱ። የቴሌግራም ቻናሎች አዲስ ስም ለመስማት ጥሩ ናቸው፤ ብዙ ነገር ያወቅሁት ከእነርሱ ነው። ፋይሉን ከቻናሉ ካወረዱ ግን ማን ነክቶት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። በመፈለጊያም ሲሄዱ ከላይ የሚመጡትን «ማስታወቂያ» የሚል ምልክት ያለባቸውን ይለፏቸው፤ አጭበርባሪዎች የታወቀ ሶፍትዌር ገጽ አስመስለው ሠርተው በማስታወቂያ ከእውነተኛው በላይ ያስቀምጡታል። ገጹ ውስጥ ሦስት ትልልቅ አረንጓዴ «አውርድ» የሚሉ ቁልፎች ካዩ፣ ብዙ ጊዜ ሦስቱም ማስታወቂያ ናቸው፤ እውነተኛው በቀጭን ጽሑፍ ከሥር የተጻፈው ነው።

የታወቀ ቦታ መሆኑ ብቻም ዋስትና አይሆንም። ሶርስፎርጅ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ትልቁ ማውረጃ ነበር፤ በ2015 ግን ጊምፕ የተባለውን የፎቶ ማስተካከያ ሌላ የማስታወቂያ ፕሮግራም በጨመረበት መጫኛ ሲያድል ተገኘ፤ የጊምፕ ሠሪዎችም በይፋ ተቃወሙ። በሚቀጥለው ዓመት ባለቤቱ ተቀየረና አሠራሩ ቀረ። ኮምፒውተር ያጸዳል የሚባለው የሲክሊነር ነገር ደግሞ ከዚህም ይከፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሰርጎ ገቦች በራሱ በአምራቹ በኩል በሚወጣው እትም ውስጥ ቫይረስ አስገቡ፤ እትሙም ከ2 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኗል። እንዲህ ያለውን እርስዎም እኔም አስቀድመን ማወቅ አንችልም፤ ለዚህ ነው አዲስ እትም በወጣ ማግስት በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ እንዳይጭኑ የምመክረው። በአንዱ ይጫኑ፣ ሁለት ሳምንት ይቆዩ።

ያወረዱትን መጫኛ ከመክፈትዎ በፊት ቫይረስ ቶታል ወደተባለው ድረ ገጽ ይላኩት። በስፔን ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2012 ጎግል የገዛው አገልግሎት ነው፤ ፋይሉን በአንድ ጊዜ በብዙ ደርዘን አንቲቫይረሶች ያስመረምርልዎታል። እዚህ ላይ ግን አደራ እላለሁ፤ የሶፍትዌር መጫኛ እንጂ የባለጉዳይ ሰነድ እዚያ አይላክም። የተላከው ፋይል ለደህንነት ተመራማሪዎች የሚከፈት ነው። የባለጉዳይ ውክልናና የባንክ ወረቀት እዚያ ምን ያደርጋል?

ለተለመዱት ሶፍትዌሮች ደግሞ ኒናይት የሚባል ቀላል ገጽ አለ። የሚፈልጉትን ይመርጣሉ፤ ቪኤልሲን (ቪዲዮ ማጫወቻ)፣ ሰቨን ዚፕን (የታመቀ ፋይል መፍቻ)፣ ሊብሬ ኦፊስን (የኦፊስ ምትክ)፣ ኤቭሪቲንግን (ፋይል ፈላጊ)፤ እርሱም ከየባለቤታቸው አምጥቶ ምንም ተጨማሪ ነገር ሳያስገባ ይጭናቸዋል። ሊብሬ ኦፊስ ብቻውን በመቶዎች ሜጋባይት ስለሆነ የመረጃ ጥቅል ዋጋ ቀለል በሚልበት ሰዓት ያውርዱት።

ሶፍትዌሩን ሲፈትኑ በተለይ ለእኛ ፊደል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኔ አንድ የሙከራ ወረቀት አለኝ፤ የትም ስሄድ በፍላሽ እይዘዋለሁ። በላዩ «ሟች»፣ «ተከሳሿ»፣ «ቋሚ»፣ «ጓሮ» የሚሉ ቃላት አሉ፤ ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ነጠላና ድርብ ሰረዝ አሉ፤ «፲፱፻፷፮» የሚል የግዕዝ ቁጥር አለ፤ አንድ ሠንጠረዥና አንድ ረጅም የአቤቱታ አንቀጽ አለ። ማንኛውም አዲስ ሶፍትዌር መጀመሪያ ይህን ወረቀት ይከፍታል፣ ያስቀምጣል፣ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይራል። ባዶ ሣጥን ከታየ፣ አራት ነጥቡ ወደሚቀጥለው መስመር ብቻውን ከወረደ፣ ወይም ከፒዲኤፉ ላይ ሲገለበጥ ፊደሉ ከተበታተነ፣ ሌላው ጥቅሙ ምንም ያህል ቢሆን ለአማርኛ ጽሕፈት ቤት አይሆንም። ሊብሬ ኦፊስ ይህን ፈተና አልፏል፤ የአማርኛ ገጽታም አለው። የወርድ ሰነድ ሲከፍት ግን አንዳንድ ጊዜ ሠንጠረዥና ኅዳግ ስለሚያዛንፍ፣ በየቀኑ የሚጠቀሙበትን የአቤቱታ ቅጽ ከፍተው ሳያዩ አይወስኑ።

ወደዚያ ጽሕፈት ቤት ልመለስና ሦስቱን ነገሮች እንዴት እንደፈታናቸው ልንገርዎት። ለፍርድ ግልባጩ ናፕስ ቱ (NAPS2) የተባለ ነፃ የስካን ሶፍትዌር ጫንን። ውስጡ ያንኑ ቴሰራክትን ይጠቀማል፤ አማርኛን ከቋንቋዎቹ ዝርዝር መርጠው አንድ ጊዜ ያወርዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። 14ቱ ገጾች ስካን ተደርገው ጽሑፋቸው የሚገለበጥ ፒዲኤፍ ሆነው ወጡ። ንጹሕ በሆነው የኮምፒውተር ጽሑፍ ላይ ጥሩ ሠራ፤ ማኅተሙ ባረፈበትና በደበዘዘው ገጽ ላይ ግን «ቡ»ን «ቢ»፣ «ሉ»ን «ሱ» እያለ ተሳሳተ። የእኛ ፊደል ልዩነቱ በአንዲት ቅጥል ላይ ስለሆነ ስካኑ በ300 ነጥብ (ዲፒአይ)፣ ባለ ግራጫ ቀለም ቢሆን ስሕተቱ በጣም ይቀንሳል። ጸሐፊዋ አሁን ከመጻፍ ወደ ማረም ተሸጋግራለች። ለሕግ ሰነድ ግን ማረሙን መዝለል ጨርሶ አይቻልም፤ አንድ «አል» ከተገደፈ ውሳኔው ይገለበጣል።

የጠፋውን ውል ለመፈለግ ኤቭሪቲንግ የተባለውን ጫንን። ሁለት ሜጋባይት ገደማ የሆነ፣ የፋይል ስሞችን ከዲስኩ ማውጫ በቀጥታ የሚያነብ ነው፤ እርስዎ እየጻፉ ሳለ ውጤቱ ይደረደራል። ባለቤቷ «ኃይሉ» ብለው ጻፉ፤ ምንም አልመጣም። ተስፋ ቆርጠው ሊዘጉት ሲሉ «አንዴ ይቆዩ» አልኳቸው። ፋይሉ «ሀይሉ ኪራይ» ተብሎ ነበር የተቀመጠው። ማንም ኮምፒውተር «ኃ»፣ «ሀ» እና «ሃ» ለእኛ ጆሮ አንድ መሆናቸውን አያውቅም፤ «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ፀጋዬ» እና «ጸጋዬ» ለእርሱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። በኤቭሪቲንግ መፍትሔው ቀላል ነው፤ በሚያጠራጥረው ፊደል ቦታ የጥያቄ ምልክት፣ በፊትና በኋላ ኮከብ ይደረጋል፤ *?ይሉ* ብለው ሲጽፉ ሁሉም ይመጣሉ። ከዚያ ይልቅ የሚበጀው ግን ከዛሬ ጀምሮ የፋይል አሰያየም ደንብ ማውጣት ነው፤ እነርሱ ቀን፣ የባለጉዳይ ስም፣ የሰነዱ ዓይነት በሚል ቅደም ተከተል ያዙት፣ «ሀ»ን ሁልጊዜ በአንድ መልክ ሊጽፉ ተስማሙ።

የድሮ ሰነዶችዎ በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ከሆነ ሌላም ነገር ይገጥምዎታል። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው፣ የዓለም ፊደላት ሁሉ በጋራ በሚቀመጡበት የኮምፒውተር አሠራር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተጻፈው ሰነድ በውስጡ የተቀመጠው በላቲን ምልክቶች ነው፤ ስለዚህ በውስጡ ያለውን ቃል በአማርኛ ቢፈልጉ አይገኝም፣ ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይም ትርጉም አልባ ሆኖ ይታያል። ፊደሉ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ፣ ፒዲኤፉንም ወደ ምስል ቀይረው በቴሰራክት ቢያስነብቡት በዩኒኮድ ይወጣልዎታል። ከስካን ይልቅ ንጹሕ ስለሆነ ስሕተቱም ጥቂት ነው።

ለስልክ ሰነዱ ፔርድሮፕ የተባለውን የድረ ገጽ መተግበሪያ መረጥን። ባለጉዳዩ በቤቱ ዋይፋይ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ በስልኩ ሲያነብ ገጹ ይከፈታል፤ ፋይሉን መርጦ ይልካል። ቴሌግራሙን በሰው ኮምፒውተር ላይ አይከፍትም፤ ፋይሉም ከስልኩ ወደ ኮምፒውተሩ በቀጥታ ይሄዳል። ገጹን ለመክፈት ግን ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። ለዚህ ነው ለሁለቱ ኮምፒውተሮች ሎካልሰንድን የጨመርነው፤ እርሱ መስመር ባይኖርም በዚያው ዋይፋይ ይሠራል፣ ነገር ግን በሁለቱም ወገን መጫን አለበት፤ መንገድ ላይ የመጣን ባለጉዳይ «ይህን ጫን» ማለት አይሆንም።

የድረ ገጽ መተግበሪያዎችን በተመለከተ ለእርስዎ ቤት ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። «ፒዲኤፍ በነፃ እንቀይራለን» የሚሉ ገጾች ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም ሰነዱን ወደ ራሳቸው ኮምፒውተር ወስደው ነው የሚቀይሩት። በእርስዎ እጅ የሚያልፈው ግን የሰው መታወቂያ፣ የፍቺ ውሳኔ፣ የርስት ክርክር ነው። አንድ ገጽ ሰነድዎን ይውሰድ አይውሰድ የሚያውቁበት ቀላል ፈተና አለ፤ ገጹ ተከፍቶ ካለቀ በኋላ ኢንተርኔቱን ያጥፉትና ምሥጢር ያልሆነ ፋይል ሰጥተው ይሞክሩት። ከሠራ ሥራው የሚከናወነው በእርስዎው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የፎቶ መጠን የሚቀንሰው ስኩሽ ይህን ያልፋል፤ የፎቶሾፕ ፋይል የሚከፍተው ፎቶፒያም ያልፋል። ፒዲኤፍ ለማጣመርና ለመክፈል ደግሞ ፒዲኤፍሳም የሚባለውን ኮምፒውተርዎ ላይ ቢጭኑ የትም መላክ አያስፈልግዎትም።

ሌላው ፈተና መውጫ በር ነው። መረጃዎን በአንድ የድረ ገጽ መተግበሪያ ውስጥ ከማከማቸትዎ በፊት በመጀመሪያው ቀን፣ ገና አሥር መዝገብ እንዳስገቡ፣ ሁሉንም በኤክሴል መልክ አውጥተው ይክፈቱት። ይህን የምለው ዋጋ ከፍዬበት ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛዬ የቀጠሮና የደንበኞች መዝገብ መተግበሪያ መርጬላቸው ነበር፤ መልኩ ያምራል፣ በነፃ ነው። ሦስት ዓመት ከሠሩበት በኋላ ድርጅቱ አገልግሎቱን ሊያቆም መሆኑን የሚገልጽ መልእክት መጣ፤ መረጃ ማውጫ አልነበረውም። እኔና ሁለት ሠራተኞቻቸው አራት ምሽት ተቀምጠን ከስክሪን ላይ በእጅ ገለበጥን፤ ሁሉንም አላዳረስንም። የድረ ገጾችን አዳዲስ ጽሑፎች በአንድ ቦታ የሚያስነብበው ጎግል ሪደር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2013 ሲዘጋ ግን ዝርዝርን አውርዶ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ይቻል ስለነበር ተጠቃሚዎቹ ያነበቧቸው የነበሩትን ገጾች ይዘው ወጥተዋል። ትልቅ ድርጅትም ትንሽ ድርጅትም ይዘጋል፤ ልዩነቱ በሩ ላይ ነው።

ክራክንም አንሥተዋል። የፈቃድ ዋጋው ከእርስዎ ገቢ ጋር እንደማይመጣጠን፣ ካርዱም ዶላሩም እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ልወቅስዎት አልመጣሁም። ክራኩ ሲጫን ምን እንደሚጠይቅዎት ግን ልብ ይበሉ፤ «አንቲቫይረሱን አጥፉት» ይላል። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም ዘበኛውን አስወጥቶ፣ የቤቱን ሁሉ ቁልፍ ተቀብሎ ይገባል። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን ቫይረስ ያየሁባቸው ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ እንዲህ የተከፈቱ ነበሩ፤ መጠባበቂያ ቅጂ ያልነበራቸው የዓመታት ሰነድ አጥተዋል። ለእርስዎ ሥራ በክራክ የሚገኘው ሁሉ ማለት ይቻላል ሕጋዊ ነፃ ምትክ አለው፤ በዊንራር ፈንታ ሰቨን ዚፕ፣ በፎቶሾፕ ፈንታ ጊምፕ ወይም ፎቶፒያ፣ በኦፊስ ፈንታ ሊብሬ ኦፊስ። ሁሉንም በአንድ ቀን ለመቀየር አይሞክሩ፤ በወር አንድ ይበቃል፤ አሮጌውንም አዲሱ ሙሉ ወር እስኪሠራ ድረስ አያጥፉት።

ሠራተኞችዎንም በፍለጋው ያስገቧቸው። በዚያ ቤት ዛሬ አዲስ ነገር የምታገኘው ጸሐፊዋ ናት፤ ባለፈው ወር ናፕስ ቱ የግዕዝ ቁጥር ላይ የሚሳሳተውን ስትነግረኝ የሙከራ ወረቀቴ ላይ ሦስት ቁጥሮች ጨመርኩ። የእርስዎን ስካነር ዓይነትና የዊንዶውሱን እትም ቢነግሩኝ፣ ለሕግ ሰነድ የሚሆነውን የስካን አቀማመጥ ከነሙከራ ወረቀቴ አዘጋጅቼ እሰጥዎታለሁ።